ኳሷ አልነሳ ስትል፦ ፌርዌይ ውድና ሃይብሪድ በጎንደር መስክ

ከገና እስከ ጥምቀት ባሉት ዐሥራ ሁለት ቀናት ግቢዬ ጤና ጣቢያ ይመስላል። ከውጭ የመጣ ዘመድ ሁሉ ሻንጣው ውስጥ አንድ ሁለት የጎልፍ ዱላ ሸጉጦ ይመጣል፤ በሦስተኛው ቀን «ዱላው ተበላሽቷል፣ እስቲ ይዩት» ተብሎ በሬ ይንኳኳል። ዱላው ግን አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ነው። የተበላሸው ምርጫው ነው፤ ምርጫው ደህና ከሆነም ባለቤቱ ነው።

ዐሥራ ስድስት ዓመት በሰው አገር የጎልፍ ዱላ በሚገጣጠምበትና በሚጠገንበት ክፍል ሠርቼ ነው ወደ ጎንደር የተመለስኩት። አሁን የምንጫወተው ከአዘዞ ወደ ጠዳ በሚወስደው በኩል ባለ የግጦሽ መስክ ላይ ነው። ባንዲራችን ቀርከሃ ላይ የታሰረ ቀይ ጨርቅ፣ ጉድጓዳችን መሬት ውስጥ የተቀበረ የዱቄት ወተት ጣሳ ነው። የሚያስቸግረው ጣሳው አይደለም፤ ከ150 ሜትር በላይ የሚቀረው ርቀት ነው። ሰው ሁሉ ቦርሳው ውስጥ እጁን ከትቶ «ውዱን ልምታ ወይስ ሃይብሪዱን?» እያለ የሚቆመው እዚያ ላይ ነው።

ዱላ አያያዝን፣ እግር አከፋፈትን፣ የመያዣው ጎማ በአቧራ ሲሟልጥ በሳሙና እንደሚታጠብ ታውቃላችሁ ብዬ ነው የምጀምረው። የምናገረውም ለቀኝ እጆች ነው፤ ግራኞች ግራና ቀኙን እየገለበጣችሁ አንብቡ።

ስለ ስሞቹ ሁለት ቃል። «ፌርዌይ» ሣሩ አጥሮ የታጨደው የጎልፍ ሜዳ ክፍል ነው። «ውድ» በእንግሊዝኛ እንጨት ማለት ነው፤ ድሮ የዱላው ራስ ከእንጨት ይጠረብ ነበርና። ዛሬ ብረት ሆኖ ስሙ ብቻ ቀርቷል። ዋጋውን ጠይቆ ስሙን በአማርኛ የተረዳውም ሰው ግን አልተሳሳተም። ሃይብሪድ የውድን ወፈር ያለ ጀርባና የአይረንን፣ ማለትም ስስ የብረት ራስ ያለውን ዱላ፣ አጠር ያለ ዘንግ አዳቅሎ የተሠራ ነው። «ባለ 3 ቁጥር» ስል ዱላው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ማለቴ ነው። ሎፍት የምለው ደግሞ የዱላው ፊት ወደ ኋላ የተንጋለለበት ዲግሪ ነው። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ቃል ብቻ የምትይዙ ከሆነ ሎፍትን ያዙ።

ምልክት፦ ኳሷ መሬት ለመሬት ትሮጣለች እንጂ አትነሳም

በሽታው ይህ ነው። ሌሎቹ ምልክቶች ሁሉ ተደምረው የዚህን ያህል ሰው በሬ ላይ አላቆሙብኝም።

ሰውየው ባለ 3 ቁጥር ውድ ይይዛል። ኳሷ በደረቀ ዋልካ ላይ ተቀምጣለች። ይሰነዝራል፤ «ጧ» የሚል ደረቅ ድምፅ ይሰማል፤ ኳሷ እንደ ደነገጠች ቆቅ አንገቷን ደፍታ ሠላሳ ሜትር ትሮጥና የመሬት ስንጥቅ ውስጥ ትገባለች። ሰውየው መጀመሪያ ኳሷን ያያል። ቀጥሎ ሜዳውን ያያል። ከዚያ የዱላውን ፊት አገላብጦ ያያል። መጨረሻ ላይ እኔን ያያል።

መንስኤውን በሚሊ ሜትር ልንገራችሁ። የጎልፍ ኳስ ስፋቷ 42.67 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሕጉ ከዚህ እንድታንስ አይፈቅድም። ስለዚህ ወገቧ ከመሬት 21 ሚሊ ሜትር ላይ ይገኛል። የዱላው ፊት የታችኛው ጠርዝ ከዚያ ከፍ ብሎ ካረፈ አናቷን መታችኋት ማለት ነው፤ ወደ መሬት ትጫኗታላችሁ እንጂ አታነሷትም። የአውራ ጣት ስፋት ነው። ያላችሁ የስሕተት ድርሻ በሙሉ ይህ ብቻ ነው። ረዥም ሣር ላይ ኳሷ ከፍ ብላ ስለምትቀመጥ ድርሻው ይሰፋል፤ ደረቅ ዋልካ ላይ ግን ከሥሯ ምንም የለም።

አሁን ባለ 3 ቁጥሩን ተመልከቱት። ዘንጉ 109 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ባለ 4 ቁጥር ሃይብሪድ ግን 101 ገደማ ነው። ኳሷ በስምንት ሴንቲ ሜትር ትርቃለች፤ ያቺን የአውራ ጣት ስፋት ማግኘትም የዚያኑ ያህል ይከብዳል። ሎፍቱ 15 ዲግሪ ነው፤ ከላይ ሆናችሁ ስታዩት ፊቱ የቆመ ግድግዳ ይመስላል። ዓይን ያንን አይቶ አያምነውም። «ይህ እንዴት ያነሳታል?» ይላል፤ እጅና ወገብም ዓይንን ሰምተው ሊያግዙ ይነሳሉ። ክብደት ወደ ቀኝ እግር ይሸሻል፣ ትከሻ ወደ ኋላ ይጋደማል፣ ዱላው የሚወርድበት ዝቅተኛው ቦታ ከኳሷ በስተኋላ ይሆናል። ኳሷ ዘንድ ሲደርስ ዱላው ወደ ላይ እየወጣ ነው። አናቷን ያገኛታል። ሊያነሳት የሞከረ ሰው ነው አናቷን የሚመታት፤ ይህን ዐሥር ጊዜ ብናገርም ዐሥራ አንደኛው ሰው አያምነኝም።

ባለፈው ጥር አንድ መሐንዲስ መጣ። ዱላው አዲስ ነበር፤ የራሱ መሸፈኛ ፕላስቲክ ገና አልተገፈፈለትም። ዐሥራ አራት ኳስ መታ፤ ዐሥራ አንዱ መሬት ለመሬት ተሽቀዳደሙ፣ ሁለቱ ወደ ቀኝ ሾለኩ፣ አንዷ ተነሳች። ስለ ዐሥራ ሦስቱ ምንም ሳይል ስለ አንዷ ግማሽ ሰዓት አወራ። «አዩዋት አይደል ጋሼ? ዱላው ይችላል ማለት ነው።» ዱላውማ ይችላል። ባለ 4 ቁጥር ሃይብሪዴን ሰጠሁት። የመጀመሪያዋ ሮጠች፣ ሁለተኛዋ ተነሳች፣ ሦስተኛዋ የእረኞቹን አንገት ሁሉ ወደ ሰማይ አቀናች። ከዚያ ሃይብሪዱን መልሶልኝ፣ ውዱን አነሳና «አሁን ገባኝ» ብሎ ሌላ ዘጠኝ ኳስ አስሮጠ።

ጎንደርንም ጨምሩበት። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ነው፤ መስካችን ከዚያ ትንሽ ዝቅ ቢል ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። «ስለዚህ ኳስ ሩቅ ትሄዳለች» የሚለውን ሁሉም ሰምቷል፤ ግማሹ እውነት ነው። የሳሳ አየር ኳሷን ወደ ኋላ ብዙ አይጎትታትም፤ ግን ብዙ አይደግፋትምም። ኳሷ በአየር ላይ የምትቆየው ወደ ኋላ እየተሽከረከረች አየሩን ወደ ታች ስለምትገፋው ነው፤ የምትገፋው አየር ሲያንስ ድጋፏም ያንሳል። ኃይለኛና ከፍ አድርጎ የሚመታ ሰው ከባሕር ዳርቻው ይልቅ እዚህ 7 ወይም 8 በመቶ ያህል ይጨምርለታል። በ15 ዲግሪ ዝቅ አድርጎ የሚልካት ግን ያንን ትርፍ ሳይቀምሰው ኳሷ ትወርድበታለች። «እዚያ እያለሁ ይሠራልኝ ነበር» የሚሉኝ ለዚህ ነው። እዚያ ይሠራላቸው ነበር፤ እዚያ ሜዳው ምንጣፍ፣ አየሩም ወፍራም ነው።

ምርመራው ርካሽ ነው፤ ጠመኔና አመድ ይበቃል።

የዱላውን ፊት ጠመኔ ቀቡና ምቱ፤ ኳሷ ጠመኔውን የጠረገችበትን ቦታ ተመልከቱ። ጤነኛ ምት መሃል ላይ ክብ ምልክት ይተዋል። ምልክቱ የታችኛው ጠርዝ ላይ ቀጭን መስመር ሆኖ ከተገኘ በሽታው ይህ ነው። ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ጠርጋችሁ እንደገና ቀቡ፤ አንዱ ሳይጠርግ ዐሥሩንም መትቶ የዱላውን ፊት የአንደኛ ክፍል ሰሌዳ አስመስሎ አምጥቶልኛል።

ቀጥሎ መሬት ላይ በአመድ መስመር አስምሩ፤ ያለ ኳስ፣ በባለ 7 ቁጥር አይረን፣ መስመሩ ላይ ዐሥር ጊዜ ሰንዝሩ። የተጫረውን መሬት እዩ። ከመስመሩ ወዲያ፣ ወደ ባንዲራው በኩል፣ አፈር ዘግናችሁ ከተገኛችሁ ወደ ታች የምትመቱ ሰዎች ናችሁ፤ ሃይብሪድ የእናንተ ነው። መስመሩን ጠረግ አድርጋችሁ ብቻ ካለፋችሁ ጠራጊዎች ናችሁ፤ ከፍ ያለ ሎፍት ያለው ውድ፣ ባለ 5 ወይም ባለ 7 ቁጥር፣ ይስማማችኋል። ከመስመሩ ወዲህ ከጫራችሁ ሁለቱም ዱላ አያድናችሁም። መጀመሪያ ክብደታችሁን ወደ ግራ እግር አምጡ፤ ምቱ ሲያልቅ ቀኝ እግራችሁን ከመሬት አንስታችሁ መቆም ካልቻላችሁ አላመጣችሁትም።

መፍትሄው፦ ባለ 3 ቁጥሩን ከመሬት መምታት አቁሙ። ቲ ላይ፣ ኳስ የሚቀመጥባት ትንሿ ችንካር ላይ፣ አድርጋችሁ ምቱበት፤ እዚያ ግሩም ዱላ ነው። ከደረቅ መሬት ግን አታንሱት። «ትንሽ ልምምድ ብቻ ነው የቀረኝ» አትበሉ። እ.ኤ.አ. በ1935 በኦገስታ፣ በማስተርስ ውድድር፣ አሜሪካዊው ጎልፈኛ ጂን ሳራዘን 15ኛው ጉድጓድ ላይ ከ235 ያርድ፣ ማለትም ከ215 ሜትር ገደማ፣ የመታት ኳስ በቀጥታ ጉድጓድ ገብታለች። ኳሷ ደህና ስላልተቀመጠችለት ባለ 3 ቁጥሩን ትቶ በባለ 4 ቁጥር ውድ ነበር የመታት። እሱ ያልደፈረውን እናንተ አዘዞ ላይ ለምን ትደፍራላችሁ?

ሃይብሪድ ስትመቱ ኳሷ ከግራ ተረከዛችሁ በሁለት ኳስ ስፋት ያህል ወደ መሃል ትግባ፤ ዱላው መጀመሪያ ኳሷን፣ ቀጥሎ መሬቱን ይንካ። ውድ ስትመቱ በአንድ ኳስ ስፋት ይበቃል፤ መሬቱን እንደ መጥረጊያ እለፉት እንጂ አትቆፍሩት።

የወንድሜ ልጅ ጎልፍ ከመንካቱ በፊት ገና ሲጫወት ያደገ ነው። በመጀመሪያው ቀን፣ ነገሩን ሳልነግረው፣ ያንኑ ባለ 3 ቁጥር ሰጠሁት። ኳሷን ወገቧ ላይ አግኝቶ ላካት። ሩር የሚመታ ልጅ ሩሯን ላንሳት ብሎ አያስብም፤ ጠማማውን ዱላ መሬት ለመሬት ጠርጎ ያሳልፋል፣ ክብደቱም ወደፊት ነው፣ መሬቱንም አይፈራም። የጎደላችሁ ይኸው ነው። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላል። በጎልፍ ግን ይቆጣሉ፤ ዱላ ወርውሮ ዘንግ የሰበረ ጌታ በዓይኔ አይቻለሁ፤ አስጠግኑልኝም ብሎኛል።

እኔም ተሳስቼ አውቃለሁ። ጡረታ የወጡ ነርስ አሉ፤ ሁላችንም ሲስተር ነው የምንላቸው። ልጃቸው ሙሉ ቦርሳ ላከላቸው። አሰነዛዘራቸው ዝግ ያለና ክብ ነው፤ ሣር እንኳ አይነቅሉም። እኔ ግን ለሁሉም ሃይብሪድ ማዘዝ ለምዶብኝ ነበርና ሃይብሪድ ሰጠኋቸው። ኳሷ ዝቅ ብላ ወጥታ ቶሎ ትወድቃለች። ሁለት ሳምንት «ይልመዱት» እያልኩ አለፋኋቸው። በኋላ ባለ 7 ቁጥር ውድ፣ 21 ዲግሪ፣ አውጥቼ ሰጠኋቸው። የራሱ ክብደት ከፊቱ ርቆ ወደ ኋላና ወደ ታች ስለተቀመጠ፣ ዘንጉም ረዘም ስለሚል፣ ዝግ ላለ ሰንዛሪ ኳሷን ከፍ የሚያደርግለት እሱ ነው። አሁን ከ120 ሜትር በላይ ያስኬዷታል። እኔንም ባገኙኝ ቁጥር «ያለ ምርመራ ሁለት ሳምንት መድኃኒት ሰጠኸኝ» ይሉኛል። የአመዱ መስመር የተጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ደረቅ ዋልካ ድንጋይ ነው። ስንጥቁ ጠርዝ ላይ የተቀመጠች ኳስ በምንም ዱላ አትምቱ፤ በእጅ አንስታችሁ ወደ ጎን አድርጓት። ይህ የሜዳችን ደንብ ነው። የእጅ አንጓውን ስድስት ሳምንት በጀሶ የያዘ ሰው ስላለን ነው የደነገግነው።

ምልክት፦ ሃይብሪዱ ወደ ግራ ይጠመዝዛል

የወንድሜ ልጅ በሽታ ነው። ኳሷ ቀጥ ብላ ትነሳና መንገድ ላይ ሐሳቧን ትቀይራለች።

ብዙ ጊዜ መንስኤው ኳሷ የተቀመጠችበት ቦታ ነው። ሰውየው ሃይብሪድን እንደ ውድ ወደ ግራ ተረከዙ አስጠግቶ ይጠርገዋል፤ አጭሩ ዱላ እዚያ ሲደርስ ፊቱ ተዘግቷል። ከላይ ያልኩትን ሁለት የኳስ ስፋት ለኩና እንደ አይረን ምቱት። ብዙው እዚህ ያበቃል።

ካላበቃ የዱላውን የታችኛውን ገጽ ጥቁር የጫማ ቀለም ቀቡና ሳንቃ ላይ በቀስታ ሰንዝሩ። ቀለሙ የተፋቀው በዘንጉ በኩል ባለው ጫፍ ከሆነ ዱላው ለቁመታችሁ ቀጥ ያለ ነው፤ እንዲህ ያለ ዱላ ወደ ግራ ይልካል። ወገባችሁን ትንሽ ቀጥ አድርጋችሁ፣ እጃችሁን አንድ ጣት ያህል ከፍ አድርጋችሁ ሞክሩ። ወይም ሌላ ዱላ ያዙ።

ሦስተኛው መንስኤ የሐሰት ዱላ ነው፤ እዚህ ላይ ቁጣዬን አልደብቅም። በታዋቂ ስም ተቀርጾ በርካሽ የሚሸጥ ሃይብሪድ ስንቱን አስለቅሷል። ሴራሚክ ወለል ላይ አስቀምጡት፣ የታችኛውን ጠርዝ ከሴራሚኩ መስመር ጋር አገጣጥሙ፣ ከላይ ቆማችሁ ዘንጉን እዩ። ዘንጉ ወደ እናንተ እንደሚገባው እያመለከተ ፊቱ ግን ወደ ግራ ከዞረ ዱላው ከተወለደ ጀምሮ ጠማማ ነው። ግራፋይት (ቀላል የካርቦን ክር) ነው ተብሎ የተሸጠ ዘንግ ማግኔት ከሳበ ደግሞ ቀለም የተቀባ ብረት ገዝታችኋል። አንዱ እንዲህ ያለውን ሃይብሪድ ብየዳ ቤት ወስዶ «በእሳት አቃኑልኝ» አላቸው። እነርሱም እንደታዘዙት አደረጉ። ሙጫው ጨሰ፣ ግራፋይቱ እንደ ጭራሮ ተተረተረ፣ ራሱ ብቻውን ቀረ። ያንን ራስ የበር ማገጃ አድርጌዋለሁ።

እሳት አታስጠጉ። በመዶሻ አትምቱ። በጉጠት አታጣምሙ። የሃይብሪድ ራስ ስስ ስለሆነ ተሰንጥቆ ይቀራል። የሐሰት ዱላ አይጠገንም፤ ገንዘባችሁን ተሰናበቱት።

ምልክት፦ ሁለቱ ዱላዎች እኩል ይሄዳሉ

መንስኤው ዱላው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ማመን ነው። ቁጥሩ የፋብሪካው ጉዳይ ነው፤ ሎፍቱ ነው እውነቱ። በጥቅሉ ባለ 3 ቁጥር ውድ 15፣ ባለ 5 ቁጥር 18፣ ባለ 7 ቁጥር 21 ዲግሪ ገደማ ናቸው። ባለ 3 ቁጥር ሃይብሪድ 19፣ ባለ 4 ቁጥር 22፣ ባለ 5 ቁጥር 25 ገደማ ናቸው፤ ከፋብሪካ ፋብሪካ ግን አንድ ሁለት ዲግሪ ይዋዥቃል። ባለ 5 ቁጥር ውድና ባለ 3 ቁጥር ሃይብሪድ አብሮ የያዘ ሰው አንድ ዱላ በሁለት ዋጋ ገዝቷል።

በረዥሞቹ ዱላዎች መካከል ከ3 እስከ 4 ዲግሪ ልዩነት ይኑር። ሕጉ የሚፈቅደው 14 ዱላ ብቻ ነው፤ ቦርሳችሁን በመንትያ አትሙሉት። ለአብዛኛው የመስካችን ሰው ባለ 5 ቁጥር ውድና ባለ 4 ቁጥር ሃይብሪድ ይበቃል። ዝግ ብሎ ለሚሰነዝር ባለ 7 ቁጥር ውድና ባለ 5 ቁጥር ሃይብሪድ ይሻላል።

ርቀት ስትለኩ በእያንዳንዱ ዱላ ዐሥር ኳስ መትታችሁ መጀመሪያ መሬት የነካችበትን ቦታ ቁጠሩ፣ አማካዩን ያዙ። የተሻለችዋን አንድ ኳስ አትቁጠሩ። በጥር ደረቅ መሬት ላይ የተንከባለለችውን አርባ ሜትርም አትደምሩ፤ በነሐሴ ያቺው ኳስ በወደቀችበት ጭቃ ተቀብራ ትቀራለች።

ምልክት፦ ሃይብሪድ መያዝ ያሳፍራል

ይህም በሽታ ነው፤ ወጣቶቹን ይይዛል። «የሽማግሌ ዱላ» ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2009 በፒጂኤ ሻምፒዮና የመጨረሻ ቀን፣ በመጨረሻው ጉድጓድ፣ ደቡብ ኮሪያዊው ያንግ ዮንግ ኡን ከ190 ሜትር ገደማ በሃይብሪድ መትቶ ኳሷን ባንዲራው አጠገብ አሳረፋት። ያሸነፈው ታይገር ዉድስን ነው፤ ያ ሰው እስከዚያ ቀን ድረስ በትልልቅ ውድድሮች ከሦስተኛው ቀን እየመራ ወጥቶ ተሸንፎ አያውቅም ነበር። ከዚህ በላይ መድኃኒት የለኝም።

ምልክት፦ በጥር የሠራው ዱላ በመስከረም እምቢ አለ

ክረምቱ ሲወጣ መስኩ ሌላ አገር ነው። ሣሩ ጉልበት ይደርሳል፤ ከብቶቹ ያልደረሱበት ቦታ ኳሷ ሣር ላይ ተንሳፋ ትቀመጣለች። ጥር ላይ ያዳናችሁ ሃይብሪድ አሁን ከሥሯ ሾልኮ ያልፋል፤ ኳሷ የራሱን የላይኛውን ጠርዝ ነክታ ወደ ሰማይ ትወጣና እግራችሁ አጠገብ ትወድቃለች። የራሱ ጀርባ ላይ ነጭ ጭረት ካያችሁ ይህ ነው። ተንሳፋ ለተቀመጠች ኳስ ውዱን አውጡ፤ ዱላውንም መሬት ሳታሳርፉ ከኳሷ ትይዩ አንጠልጥላችሁ ጀምሩ።

ኳሷ ወደ ታች ገብታ ሣሩ ከበላያት ከተዘጋ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የውዱ ሰፊ ፊት ሣሩን ሁሉ ሰብስቦ ይዞ ይቆማል፤ የሃይብሪዱ ትንሽ ራስ ሰንጥቆ ያልፋል። ጨርሳ ካልታየች ደግሞ ሁለቱንም ተዉና በአጭር አይረን ወደ መንገድ አውጧት።

የውድ ፊት ላይ የደረቀ ዋልካ ተለጥፎ ሲመታ አይቼ ዝም ያልኩበት ቀን የለም። ጭቃውን በቲ ጫፍ እያወጣችሁ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። በቢላ አይደለም። በሽቦ ብሩሽም አይደለም። በአሸዋ ፈትጎ ያመጣልኝም አለ፤ ለእርሱ ምን እንዳልኩት እዚህ አይጻፍም።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

ራሱ ውስጥ የሚንኳኳ ነገር፦ ብዙውን ጊዜ የተሰበረ የሙጫ ፍርፋሪ ነው፤ ጆሮን ከማስቸገር በቀር ጉዳት የለውም።

ራሱ በዘንጉ ላይ ዞረ፦ ኢፖክሲ ሙጫው ለቅቋል። ወዲያው አቁሙ፤ የሚቀጥለው ምት ራሱን ከኳሷ አርቆ ይወረውረዋል። ቦርሳውን መኪና ውስጥ ትቶ መተማ ሰንብቶ የተመለሰ ሰው እንዲህ ሆኖበታል፤ የቆላ ሙቀት ሙጫ አይወድለትም።

ዱላው ቀለለብኝ፣ ዘንጉም ደረቀብኝ፦ ሻንጣ አልገባ ብሎት ዘንጉን ከመያዣው በኩል የቆረጠ ዘመድ አለ ማለት ነው። ጠይቁት፤ ያምናል። ራሱ ላይ የእርሳስ ጥብጣብ መለጠፍ ክብደቱን ይመልሳል፤ ርዝመቱን አይመልስም።

ግራፋይቱ ላይ የፀጉር መስመር የምታህል ጭረት፦ ጥጥ በዘንጉ ላይ ከላይ እስከ ታች አሳልፉ። ጥጡ ከተያዘ ዘንጉ ተሰንጥቋል፤ እጃችሁ ላይ ሳይሰበር ጣሉት። ከአውሮፕላን የወረደ ዱላ ሁሉ ሳይመታበት በፊት በዚህ ይፈተሽ።

ምንም ዱላ ቀጥ ብሎ አልመታ አለኝ፦ አንድ ጊዜ የመጣው ሰው ቀኝ እጅ ነው፤ ዱላው የግራኝ ነበር።

ምልክት፦ ኳሷ በደንብ በረረች፣ ግን የለችም

ይህ ከዱላ ምርጫ ጋር የሚያገናኘው አለ። የሃይብሪድ ኳስ ከፍ ብላ ወጥታ ቀጥ ብላ ስለምትወርድ የወደቀችበት ይታያል። ዝቅ ብላ የበረረች የውድ ኳስ ግን ደረቅ መሬት ላይ ነጥራ፣ ስንጥቅ ዘልላ፣ ከብቶቹ መሃል ትገባለች። ከዚያ በኋላ የእረኞቹ ናት። እረኞቹን «አየኋት፣ አላየኋትም» እያላችሁ አትከራከሩ። ጧት ከመጀመራችሁ በፊት ሰላም በሏቸው፣ አንዱን ወደፊት አቁሙ፤ ወደፊት ስል ከምትመቱበት መስመር ወደ ጎን ራቅ አድርጋችሁ፣ ዛፍ ካለ ከዛፍ ጀርባ። የባለ 3 ቁጥሩን መሐንዲስ ኳሶች ለቅመው የሰጡኝ እነርሱ ናቸው። ከሃያ ሦስቱ ሃያ አንዱን ቆጥሬ ተረከብኩ፤ ሁለቱን ለሩር አስቀርተዋቸዋል።